በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር

(ጥር 23 ቀን 2007 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪዎች የብስክሌት ጉዞ በትክል ድንጋይ በተጠናቀቀበት ምሽት የተደረገ ንግግር)

ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን የዘረጋችሁ ጓዶቼ! «ጓዶቼ» ሲባል በእኛ ዘመን የተማረ ሁሉ ትንሽ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። የመንገድ ጓድ ማለቴ ነው።

ይህን ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት አንደበቴ ስለሚጥም አይደለም። ሐሙስ ማታ ደባርቅ ላይ ስንማከር «በየቀኑ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው በመጨረሻው ቀን ይናገር» ተባለና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም አልተቃወምኩም። ፊት ፊት የሚሄዱት የሚያዩት አስፋልቱንና የቀዳሚያቸውን የኋላ ጎማ ነው። መጨረሻ የሚሄድ ሰው ግን ጊዜ አለው፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ቆም ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠይቃል። ስለዚህ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ነገ ጎንደር ላይ በሚደረገው ጉባኤ የምናገረውንም ዛሬውኑ እዚሁ ልናገረው፤ ነገሩ እናንተንም የትክል ድንጋይ ሰዎች ይመለከታልና።

ለአስተናጋጆቻችን መንገዳችንን ባጭሩ ልንገር። አሥራ አንድ ነን። ሁላችንም በ1970ዎቹ ጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የተማርን ነን። ሐኪም አለን፣ ነርስና አዋላጅ አለን፣ ላቦራቶሪስት አለን፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሳኒታሪያኖች ነን። ከመካከላችን ሃምሳ ያልሞላው የለም። ሰኞ ጥር 18 ከባሕር ዳር ተነሥተን አዲስ ዘመን አደርን። ማክሰኞ ጎንደር፣ ረቡዕ ዳባት፣ ሐሙስ በአስተርዮ ማርያም ዕለት ደባርቅ፣ ዓርብ በመጣንበት ተመልሰን ጎንደር፣ ዛሬ ቅዳሜ እዚህ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኋላችን አንዲት ፒካፕ ውሃና ዕቃ ይዛ ትከተለን ነበር። ስለ ፒካፗ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። ባሕር ዳር ሳይክል ብርቅ አይደለም፤ ሜዳ ነው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል፣ ነጠላዋን አጣፍታ የምትነዳ እናት ታያላችሁ። ጎንደር ግን ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ፤ ለዚህ ነው ተማሪ ሳለን አንዳችንም ሳይክል ያልነበረን። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ የፎገራ ሜዳ ነው፤ የሩዙ ገለባ ተከምሯል፣ ሽንኩርት በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ሁሉም ጎበዝ መስሎን ነበር። አዲስ ዘመን ስንደርስ ወደ እብናት የሚገነጠለውን መንገድ አየነውና ጨዋታው ትንሽ ቀዘቀዘ። በ1977 እብናት የረሃብ መጠለያ በነበረ ጊዜ ከእኛ መካከል ሁለቱ ሄደው ሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ከርመዋል። ስለዚያ ብዙ አላወሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ዳገቱ ጀመረ፤ የሳይክሎቻችንም እውነተኛ ባሕርይ ወጣ። ሐኪማችን ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ሳይክል ሃያ ማርሽ አለው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። የእኔዋ ከባሕር ዳር በኪራይ የተገኘች፣ ማርሽ የሚባል የማታውቅ፣ መቀመጫዋ በላስቲክ የታሰረ ናት። መጀመሪያ የፈነዳው የማን ጎማ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ክፋቱ መፈንዳቱ አይደለም፤ የአሜሪካው ካላማዳሪ ቫልቩ ቀጭን ነው፣ በመንገዱ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ያለው ፓምፕ ወፍራሙን አፍ ብቻ ነው የሚገባለት። ሳይክሉን በፒካፗ ጭነን ማክሰኚት ስንደርስ አንድ ወጣት ጎሚስታ አገላብጦ አየውና የቸርኬውን ቀዳዳ በሞረድ አሰፋው፣ የሀገሩን ካላማዳሪ ከተተለት፣ ነፋው፣ ሠላሳ ብር ተቀበለ። ሐኪማችን «ኦፐሬሽኑ ተሳክቷል» አለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አልተነፈሰችም።

ስለ ልጆች ልናገር። በዚህ መንገድ ሳይክል የሚነዳ ሰው ሄልሜት ካደረገ ፈረንጅ ነው፤ ቀለሙ አይታይም። ልጆቹ ከሩቅ አይተውን «ዩ! ዩ!» ይላሉ። ከዚያ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይከተላል። ሐኪማችን ሀገሩን ካየ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ይህን ሲሰማ ሳይክሉን አቁሞ «ደገኞች ነን እያሉን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም ዶክተር፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ስጡን እያሉህ ነው አልኩት። እሱ ከወጣ በኋላ በመጣ የታሸገ ውሃ ስም ባዶው ዕቃ ሁሉ «ሃይላንድ» ተብሎ ቀረ። ልጁ ፕላስቲኩን የሚፈልገው ትምህርት ቤት ወይም ከብት ጥበቃ ሲሄድ ውሃ ሊይዝበት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ በሳይክል የሚጓዙ የውጭ ሰዎች በመተማ ገብተው በጎንደር ያልፋሉ፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ጉዞ አለ። ከእነሱ መካከል ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆችን የማያነሣ ጥቂት ነው። እኛም ላይ አንዲት ድንጋይ መጥታለች፣ ከእንፍራንዝ ወዲህ። ነርሳችን ሳይክሏን አስተኝታ፣ ሄልሜቷን አውልቃ፣ ወደ ልጁ ሄደችና «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ልጁ ሁለተኛዋን ድንጋይ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጣት። ይህን ጥያቄ ፈረንጁ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱን ይዞ የሚሄድበት የለውም። ልጁ በመጨረሻ ሳይክሏን እስከ ዳገቱ ጫፍ ገፋላት።

ሳይክል ለዚህ ሀገር ባዕድ አለመሆኑንም ለልጆቹ ነግረናቸዋል። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ከአበበ ቢቂላ በፊት ማለት ነው፣ ሜልቦርን ከሄዱት መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። ገረመው ደንቦባን የምታስታውሱ ትልልቆች እዚህ አትጠፉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ሳኒታሪያን ነኝ። ሌላው ሰው ሰሜን ተራሮችን ሲያይ እኔ የማየው ሽንት ቤትና ምንጭ ነው፤ ሚስቴ ስትቆጣኝ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። በመኪና ስትሄድ ግን እኔም ብሆን የማየው ጣሪያ ነው። ላንድክሩዘር በሰዓት ሰማንያ ይሄዳል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ አቧራው ከኋላ ይቀራል፣ ጤና ጣቢያ ደርሰህ መዝገብ ታያለህ። ዳገት ላይ ሳይክል በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ሄደ። የእኔዋ አሥርም አትሞላም። በዚያ ፍጥነት የሚታየው የልጅ ፊት ነው።

ልጆቹ አጠገባችን ይሮጣሉ። ይስቃሉ። ከዓይናቸውና ከአፍንጫቸው ጥግ ዝንብ አይጠፋም። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለአስተናጋጆቻችን ልጆች ስል ልድገመው። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ብዙም አይጎዳም ነበር። ጉዳቱ መደጋገሙ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ዓይን የላይኛው ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፣ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ብሌኑን ይወጋዋል። ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ይፋቃል። መጨረሻው መታወር ነው። ሴቶችን ይበልጥ ይጎዳል፤ ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና። የአማራ ክልል ደግሞ በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ዓርብ ዕለት ከዳባት ወዲህ አንዲት እናት ጠላ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ከማተቡ ጋር ወረንጦ ታስሯል። የታሰረበትን ምክንያት እኔ አውቃለሁ፣ አብሮኝ የነበረው ሐኪማችንም ያውቃል፤ ቢሆንም «እናቴ፣ ዓይንዎን ያምዎታል?» አልኳቸው። «ዓይኔ ደኅና ነው ልጄ፣ ፀጉሩ ነው የሚወጋኝ» አሉ። ሲያድግ ልጃቸው በወረንጦ ይነቅልላቸዋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ ያድጋል፣ ደግሞም ሲያድግ ይወፍራል አሉ። ኦፐሬሽኑ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ነገር እንደሆነ ነገርናቸው። ፈርተው ነው የቀሩት፤ ጎረቤታቸው ተሠርታ ተመልሶባታል። የጤና ኤክስቴንሽኗን ስልክ ይዘናል፤ ነርሳችን ትከታተለዋለች።

ለዚህ በሽታ አራት ነገር ይደረጋል። ለተቀለበሰው ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለሕዝቡ መድኃኒት፣ የፊት ንጽህና፣ እና የአካባቢ ንጽህና፣ ማለትም ውሃና ሽንት ቤት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ብዙ ተሠርቷል። አዚትሮማይሲን በየዓመቱ ለሕዝብ ይታደላል፤ ልጆቹን በቁመት መለኪያ እንጨት እየለኩ ሲያድሉ አይታችኋል። የኋለኞቹ ሁለት ግን ዘመቻ አይወዱም። ፊትህን ታጠብ ለማለት መጀመሪያ ውሃ ያስፈልጋል። በዚህ ስድስት ቀን ያየሁትን ቢጫ ጀሪካን ብቆጥረው ኖሮ ቁጥሩ ከሄልሜት ያላወቅነው ሰው ሁሉ ይበልጥ ነበር። አንዲት ልጅ ሃያ ሊትር ተሸክማ ዳገት ወጥታ ቤት ከደረሰች፣ ውሃው ለወጥ፣ ለመጠጥ፣ ለቡና ነው። የታናሽ ወንድሟ ፊት ተራው አይደርስም።

ስለ ፒካፗ እመለሳለሁ ብያለሁ። ረቡዕ ከኮሶዬ አልፈን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንወጣ፣ ከገደሉ አፋፍ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ብቅ አሉ። ከታች ከቆላው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሲቀባበሉ የመጡ ናቸው። ቃሬዛው ላይ የበኩር ልጇን ያማጠች ወጣት አለች፣ ጋቢ ለብሳ፣ ድምፅ የላትም። አምቡላንስ ተደውሎለታል፣ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። እኛ አሥራ አንድ ባለሙያ ነን። ሰዎቹ ግን የፈለጉት ሙያችንን አልነበረም፤ ከቃሬዛው ፊት ያለው ሰው ሁላችንንም አለፈና ፒካፗን ተመለከተ። ዕቃው ሁሉ መንገድ ዳር ወረደ። አዋላጃችን አብራ ገባች፣ እናቷና ሁለት ሰዎች ተከተሉ፣ መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ከጉዞው ሁሉ የተለየ ነበር። ከኋላ መኪና እንደሌለ ስታውቅ ቡድን ሌላ ነገር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የደከመው ሰው ሁሉ በሆዱ «ካልቻልኩ ፒካፕ እገባለሁ» ይል ነበር። አሁን የለም። ዕቃው ተከፋፈለ፤ አንዱ ጀሪካን፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ የሁላችንን ሽሮ። ፊት ፊት ሲሄዱ የነበሩት ዘወር ማለት ጀመሩ። ላቦራቶሪስታችን ጉልበቱ አብጦ ስለነበር ሁለት ሁለት እየሆንን ገፋነው፤ ከእኔ በኋላ የደረሰበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ድሮ «ቲም ወጣን» ስንል እንዲህ አልነበረም? ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ሳኒታሪያኑና ላቦራቶሪስቱ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ፋኖስ። ማንም ብቻውን አይመለስም።

አዋላጃችን ማታ ዳባት ላይ ደረሰችብን። ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሁላችንም እልል አልን፣ የሆቴሉ ሰዎች ሠርግ ነው ብለው ወጡ። ከዚያ ለብቻዬ ጠርታ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም፣ አዋላጇ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት አለች፤ ቧንቧው ግን ደርቋል። ከወሊዱ በፊትም በኋላም እጃቸውን የታጠቡት ከእኛ የመጠጥ ጀሪካን ነው።

ጓዶቼ፣ አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንዳወራሁ ታውቃላችሁ። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት ላይ ጉባኤ እንቀመጣለን። የተቋማችንን 60ኛ ዓመት ምክንያት አድርገን ያዋጣነው ገንዘብ አንድ ነገር ይሠራል፣ ሁለት አይሠራም። የቀረበው ሐሳብ በግቢው ውስጥ የመታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም፣ በሥራ ላይ ሳሉ ያለፉ ጓደኞቻችን ስም እንዲቀረጽበት ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ሐኪማችን ነው፤ ከገንዘቡም ትልቁን ድርሻ ያመጣው እሱ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሁለታችን መጨረሻ ላይ አብረን ነድተናል። ተከራክረናል። የነገረኝን እዚህ እንድናገር ፈቅዶልኛል።

በ1983 ጦሩ ሲበተን በየመጠለያው የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ቅማል፣ ተስቦ፣ ግርሻ። የሐኪማችን የዶርም ጓደኛ እነዚያን ወታደሮች ሲያክም ግርሻ ይዞት በሳምንት ውስጥ ሞተ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ከቤተሰቡ ርቆ ነው፤ ሐኪማችን ከሀገር ከወጣ በኋላ እናቱም አረፉ። «ስሙ የተጻፈበት አንድ ቦታ በዓለም ላይ የለም» አለኝ፣ ኮሶዬ ላይ፣ ገደሉን ቁልቁል እያየ። «ምንጭ ቧንቧው ይደርቃል፣ ኮሚቴው ይጣላል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደህ ታያለህ። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም ግን ይቆያል»። ስለ ቧንቧው የተናገረው እውነት ነው፤ በሙያዬ ደርቀው የቆሙ ምንጮች አይቻለሁ። ስለ ጓደኛውም ልመልስለት የምችለው ነገር አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ልጁን እኔም አውቀዋለሁ። በጣም የሚያስቅ ልጅ ነበር።

ሆኖም ነገ እጄን የማወጣው ለምንጩ ነው። ምክንያቴ ይኸውላችሁ። ተቋማችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ ሲከፈት ጎንደር የተመረጠው ቤተ መንግሥት ስላለ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። ኮሌጁ ወደ በሽታው ነው የመጣው። ተማሪው ቆላ ድባ ወርዶ በጤና ጣቢያው እየኖረ እንዲማር የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። ስማቸው ይጻፍ የምንላቸው ጓደኞቻችንም የሞቱት ግቢ ውስጥ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ዛሬ ከሰዓት እዚህ ስንደርስ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከገጠር ቀበሌዋ ወጥታ ስትጠብቀን አገኘናት። እዚያ ጋ ተቀምጣለች፣ እንዳላሳፍራት ስሟን አልጠራም። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ናቸው፤ ፕሮግራሙ ከተጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ከቤት ቤት የሚዞሩት በእግራቸው ነው። ከመካከላችን አንዱ በደግነት ተነሣና «ሳይክሎቻችንን ለእናንተ ትተን እንሂድ» አለ። ልጅቷ የእኔን ሳይክል አየች፣ የዶክተሩን አየች፣ ወደ ቀበሌዋ የሚወርደውን መንገድ አየች፣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄንን ገደል ሳይክል ሊወርደው ነው?» አለች። ታዲያ ምን እናድርግልሽ ስንላት አላመነታችም። «ምንጯን አጥሩልኝ። ከብቱም ሰውም አንድ ላይ ነው የሚጠጣው።»

ወርጄ አየሁት። ከዚህ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ በጥር ወርም እንዲህ ይፈሳል፣ ሽማግሌዎቹም በድርቁ ዘመን አልነጠፈም ብለውኛል። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ተራ በተራ መሠራት አለበት። ውሃው ከድንጋዩ የሚወጣበት እውነተኛው ዓይን እስኪገኝ ወደ ኋላ ይቆፈራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ጭቃው ላይ ግንብ ይሠራል፣ ውሃው ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። ከዓይኑ ፊት ጠጠር ይሞላል፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ይዘጋል፣ ከላዩ ይከደናል፤ ቧንቧ ይወጣለታል፣ ማስተንፈሻም ይተውለታል። ከበላዩ የክረምቱን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈራል። ጀሪካን የሚቀመጥበት መድረክ ይሠራል፤ ቁመቱ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ጎንበስ ሳትል ጀርባዋ ላይ የምታነሣበት መሆን አለበት፣ ይህን መሐንዲሶች ይረሱታል። ትርፉ ውሃ ወደታች ወርዶ ለከብቱ ገንዳ ይገባል፣ ከገንዳው በታች ለልብስ ማጠቢያ። ከዚያ አጥር። ከብቱ የራሱ ውሃ ከሌለው አጥሩን በሳምንት ያፈርሰዋል፤ እረኛውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ከሁሉ በላይ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ግማሹ ሴቶች፣ ወር በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ፣ ለጠባቂና ለቧንቧ ጎሚኒ የሚበቃ። ደርቆ የምናገኘው ምንጭ ብዙ ጊዜ ውሃ አጥቶ አይደለም፤ የአሥር ብር ጎሚኒ የሚገዛለት አጥቶ ነው። ሐኪማችን «ኮሚቴው ይጣላል» ያለው እዚህ ጋ ነው የሚመለሰው፤ የምንሰጠው ሲሚንቶ ብቻ ከሆነ እሱ ልክ ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው ከእኛ መጥቶ ኮሚቴውን የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። በሳይክልም ቢሆን በአውቶቡስ ይምጣ።

ስሞቹ እዚያ ምንጭ ላይ ይጻፉ የሚል ሐሳብ ዛሬ መንገድ ላይ ተነሥቷል። እኔ አላነሣሁትም፣ ነርሳችን ናት። ሐኪማችን ሰምቶ ዝም አለ። የጓደኛውን ስም የሚያነብበት ሰው ማን እንደሆነ እያሰበ ይመስለኛል፤ ግቢ ውስጥ ቢሆን ተማሪው ያነበዋል፣ እዚህ ግን ውሃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ ናት የምታነበው። የትኛው እንደሚሻል እኔ ልፈርድበት አልችልም። የራሴን ድምፅ ነው የምሰጠው።

ሐኪማችን አሁን እዚህ እንደሌለ አይታችኋል። ወደ ምንጩ አብሮኝ አልወረደም ነበር፤ እግሬ አልቋል ብሎ ነው። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ግን ከእኅታችን ባልደረባ ጋር ስንት ቤት ከዚያ እንደሚቀዳ ሲጠያየቅ ሰማሁት፤ ከዚያ ጫማውን ለውጦ ወረደ። ባትሪ ይዟል፣ የቀበሌው ሰዎችም አብረውት ናቸው፣ አትጨነቁ። ነገ ምን ይዞ እንደሚነሣ አልነገረኝም።

ፒካፗ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይክሎቹን ትጭናለች። የተከራየናቸው ሁለቱ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ፤ መቀመጫዋ በላስቲክ የታሰረችውን ከታች አትጫኑብኝ። እናቶቻችን፣ ለሐኪማችን ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ ከድናችሁ አስቀምጡለት፤ ዳገቱን ሲወጣ ይርበዋል።